ሰባት ቤት ቆጣሪዋን የወደደ ፈሪ

ሰው በምን ይወድቃል? የማውቃቸው ወንዶች ሁሉ የወደቁበትን አይደብቁም። አንዱን የጣለው ዓይን ነው፣ አንዱን ጥርስ ነው፣ አንዱን የአንገት ንቅሳት ነው። ጓደኛዬ ሞላ በዳሌ የወደቀ ሰው ነው፤ ከዳሌ በላይም በታችም አይቶ አያውቅም። እኔን ግን የጣለኝ ጭንቅላት ነው። ሹሩባውን ማለቴ እንዳይመስላችሁ። ከሹሩባው ሥር፣ ከራስ ቅሉ ውስጥ ያለውን፣ ማንም በዓይኑ አይቶት የማያውቀውን ነገር ነው የወደድኩት። ይህን ስናገር ሰው ሁሉ ይስቃል። እናንተም ሳቁ፣ ግድ የለም። ለኔ ግን ነገሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ፍርሃት ነበር።

ፈሪ መሆኔን ከሌላ ሰው ከምትሰሙ ከኔው ስሙት። ውሻ እፈራለሁ። መብረቅ እፈራለሁ። ስልኬ ከማላውቀው ቁጥር ሲጠራ እንኳ ሰው የሞተ ይመስለኛል። እንዲህ ሆኜ ደግሞ እንጀራዬ ባጃጅ መንዳት ነው፣ ያውም ላሊበላ ላይ! ላሊበላን የረገጣችሁ ታውቁታላችሁ፤ ከተማዋ ወይ ዳገት ናት ወይ ቁልቁለት፣ ሜዳ የሚባል ነገር አልደረሳትም። ቁልቁለት ሲወርድ ዓይኑን ይጨፍናል እያሉ ያሙኛል። ሐሰት ነው። አንዱን ብቻ ነው የምጨፍነው። አንድ ቀን ምጥ የጀመራት ሴት ይዤ ወደ ሆስፒታል ስሄድ፣ «ወንድሜ፣ አውርደኝና በእግሬ ልሂድ፤ በዚህ አነዳድህ ልጁ መንገድ ላይ ጥርስ ያበቅላል» ብላኝ ወረደች። ቀድማኝም ደረሰች።

ወደ ነገሬ ልመለስ። በኛ አገር ሁለት ሰዎች ከመጋባታቸው በፊት ትውልድ ይቆጠራል። በአባትም በእናትም ወደ ላይ እየተወጣ እስከ ሰባት ቤት ይታያል። መሐል ላይ አንድ አያት ካገናኛቸው እህትና ወንድም ናቸው፤ ሰርጉ ቀረ፣ ጠላው ለሌላ ጉዳይ ይዋል። ድሮ የሚቆጥሩት ሽማግሎች ነበሩ። ሽማግሎቹ ግን ግማሾቹ ሞቱ፣ የቀሩት ደግሞ የራሳቸውን የልጅ ልጆች ስም መሳሳት ጀመሩ። አሁን በዙሪያችን ያለ ሰው ሁሉ የሚሄደው ወደ መምህርት እመቤት ነው።

እመቤት የገነተ ማርያም ልጅ ናት፤ ላሊበላ ሁለተኛ ደረጃ ሂሳብ ታስተምራለች። ከአያቷ እግር ሥር ቁጭ ብላ እየሰማች ያደገችውን ሁሉ ጠብ ሳታደርግ በጭንቅላቷ ይዛዋለች። ጎረምሶቹ በሌለችበት «በረዶ» ይሏታል፣ ሰርግ ላይ ስለምትወርድ። መልኳ ደህና ነው፣ ሥራ አላት፣ ዕድሜዋም ደርሷል፤ ሽማግሌ የላከባት ግን የለም። የጎረምሳውን ቅድመ አያት ከጎረምሳው የበለጠ የምታውቅ ሴት ማን ይደፍራል?

እኔም እንደ ሰው ሁሉ ከሩቅ ነበር የምፈራት፣ የሞላ ጉዳይ እስኪመጣ ድረስ። ሞላ ያችን ባለ ዳሌ ሊያገባ ሽማግሌ ልኮ፣ እሺ ተብሎ፣ የቀረው ቆጠራው ብቻ ነበር። እኔ በሞላ ወገን ሆኜ በልጅቷ አባት ቤት መደቡ ላይ ተቀምጫለሁ። እመቤት በቀጥታ ከትምህርት ቤት መጣች፤ እጇ ላይ የጠመኔ ብናኝ አለ። ወረቀት የለ፣ እስክሪብቶ የለ። ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ተቀመጠችና መጠየቅ ጀመረች። ማን ማንን ወለደ፣ እናቱ ማን ናት፣ ከየት መጣች። እንዲህ እየተባለ ወደ ላይ ሲወጣ ድንቄ የምትባል ሴት ተነሣች። በሞላም በኩል ድንቄ አለች፣ በልጅቷም በኩል ድንቄ አለች።

የሞላ አጎት ፈጥነው ጣልቃ ገቡ። «የኛዋ ድንቄና የናንተዋ ድንቄ ለየቅል ናቸው። የኛዋ ሙጃ ላይ በክፉ ቀን፣ በዚያ በረሃቡ ጊዜ ሞታለች። የናንተዋ ከዚያ በኋላ እዚህ ላሊበላ የኖረች ናት» አሉ።

«የናንተዋ ድንቄ የመጨረሻ ልጇ ስሙ ማን ነበር፣ አያ?» አለች እመቤት በትሕትና።

«ጥጋቡ። እሱን ወልዳ አራስ ቤት እያለች ነው የሞተችው።»

«በክፉ ቀን የወለደችውን ልጅ ጥጋቡ ብላ የምትጠራ እናት አለች?»

ሰውየው ጋቢያቸውን ማስተካከል ጀመሩ።

«ድንቄ በክፉ ቀን አልሞተችም» አለች እመቤት። «ረሃቡን አልፋ፣ እህል ሲገኝ ጥጋቡን ወልዳ፣ ባሏ ሲሞትባት ወደዚህ መጥታ ሌላ አግብታለች። አንድ ሴት ናት።» ይህን ብላ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ይቅርታ አድርጉልኝ። አይሆንም።»

ቤቱ ልቅሶ ቤት ሆነ። ሞላ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ አቀረቀረ። እናቱ ደረታቸውን መቱ። የኔ ሥራ ሞላን ማጽናናት ነበር። እኔ ግን ጀርባውን እየደባበስኩ የማየው እሷን ነው። ጥጋቡ! በአንድ ሕፃን ስም ተነሥታ፣ ስንት ዘመን መቃብር ውስጥ የተኛችን ሴት ቀስቅሳ፣ ከሙጃ ላሊበላ በእግሯ አምጥታ ዳረቻት! ሰውነቴን ወረረኝ። ጓደኛዬ እጮኛውን ባጣባት ሰዓት እኔ፣ አፈር ልብላ፣ ፍቅር ያዘኝ።

ከዚያ ወዲያ ባጃጄ ሁለተኛ ደረጃው በር ላይ ሰፈረች። ደወል ሲደወል እመቤት ትወጣለች፣ እኔ ሞተር አስነሣለሁ። የመጀመሪያውን ሰሞን ትንፍሽ ሳልል ነዳሁ። አንድ ቀን ራሷ ጀመረች።

«ለምንድን ነው ሁልጊዜ ዙሪያውን የምትሄደው? በዚያ በኩል አይቀርብም?»

«በዚያ በኩል ቁልቁለቱ ይከፋል፣ መምህርት። ለርስዎ ብዬ ነው።»

«የምትፈራው ቁልቁለቱን ነው ወይስ ፍሬንህን?»

«ሁለቱንም።»

ጥቂት ዝም አለች። «ፍሬንህ ደህና ከሆነ ቁልቁለቱ ምንም አያደርግህም። ደህና ካልሆነ ደግሞ ፍሬን ይሠራል እንጂ አይፈራም። ሁለቱን አንድ ላይ መፍራት ትርፉ ድካም ነው።»

መሪውን ለቅቄ እግሯ ላይ ልደፋ ምንም አልቀረኝም። ዕድሜ ልኬን የፈራሁትን ነገር ለሁለት ከፍላ ፊቴ አስቀመጠችው! በማግስቱ ፍሬኑን አሠራሁ። ቁልቁለቱን መፍራቴን ግን አልተውኩም፤ ያ በመካኒክ የሚድን አይደለም።

ከዚያ በኋላ ሆን ብዬ የሚያከራክር ነገር እየፈለግሁ አነሣባት ጀመር። ዶሮ ስትሄድ ለምን ጭንቅላቷን ትነቀንቃለች? ሰው ሲዋሽ ለምን ድምፁ ይቀጥናል? የምትመልሰውን ብቻ አይደለም የምወደው፣ ከመመለሷ በፊት ዝም የምትልባትን ጊዜ ነው። ቅንድቧን ሰብሰብ ታደርጋለች፤ ያኔ ውስጧ የሆነ ነገር እየተፈተለ እንደሆነ ይታወቀኛል። እኔ በመስታወቱ እሷን ሳይ መንገዱን እረሳለሁ። አንዴ እንዲያውም የሰው አጥር ጥሼ ጎመን መሐል ነው የቆምኩት። ባለ ጎመኗ ሴትዮ ስትረግመኝ፣ እመቤት ከኋላ ሆና ዶሮን አስረድታ አልጨረሰችም ነበር።

እናቴ ነገሩን ጠረጠረች። ምግብ እየተውኩ፣ ብቻዬን እየሳቅሁ፣ ምን ትበል? አንድ ቀን ማዕድ ላይ ያዘችኝ።

«ሴት ናት?»

«አዎ።»

«እሰይ! ማን ናት?»

«መምህርት እመቤት።»

የእናቴ ጉርሻ መንገድ ላይ ቀረ። «ቆጣሪዋ? ምኗን አይተህ?»

«ጭንቅላቷን።»

«ጭንቅላቷ ምን ሆነ?»

«ምንም አልሆነ። ደህና ነው። በጣም ደህና ነው፣ እሱ ነው የገደለኝ።»

እናቴ ተነሥታ ግንባሬን ዳሰሰች። በማግስቱ ጠዋት ጸበል ቤት ነበርኩ። የላስታን የማለዳ ውሃ የማታውቁ ሰዎች አትወቁት፣ ይቅርባችሁ። ጥርሴ እርስ በርሱ ይማታል። አጥማቂው አባት መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ አድርገው፣ «ተናገር! በምን ያዝከው?» ብለው ጮኹ። ጥያቄው ለኔ ይሁን ለሌላ አልለየሁም። ብቻ ብርዱም ፍርሃቱም ሲበዛብኝ፣ «በሂሳብ!» ብዬ ጮኽኩ። ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ወደ ኋላው ሸሸ። አጥማቂው አባትም መስቀላቸውን አንሥተው ትንሽ አሰቡና፣ «እንዲህ ያለ አልገጠመኝም» ብለው አንድ ባልዲ ጨመሩልኝ።

ጉዳዩን የንስሐ አባቴ ቄስ አስማረ ሰሙ። አስጠርተውኝ ሳቁብኝ፣ ከሳቁ በኋላ ግን እንደ አባት ሆኑልኝ። «ሰው አስተዋይነቷን አይቶ ቢወድ ምን ነውር አለው? እኔው ሽማግሌ እሆንልሃለሁ። ለመሆኑ ሰባት ቤትህን ታውቃለህ?»

ይኼኔ በጣቴ መቁጠር ጀመርኩ። አባቴን አውቃለሁ። አያቴን አውቃለሁ። ቅድመ አያቴን በወሬ አውቃለሁ። ከዚያ በላይ ጨለማ ነው። እዚያ ጨለማ ውስጥ ድንቄን የመሰለች አንዲት ሴት ተቀምጣ ብትጠብቀኝስ? ማንም ሰው ባያገኛት እመቤት ታገኛታለች። ሌላ ሴት ወድጄ ቢሆን ኖሮ ቆጣሪው ሊሳሳት፣ ሊረሳ፣ ሊያልፈኝ ይችል ነበር። እኔ የወደድኩት የማይረሳውን ጭንቅላት ነው። የወደድኩት ነገር ራሱ ነው የሚያስቀረኝ!

ይህን ስጋት ይዤ ሙጃ ወረድኩ፤ ወረድኩ ስል አፌ ለምዶ ነው እንጂ ሙጃ ለመድረስ ደመና ነው የሚያልፉት። እዚያ የአባቴ አጎት አያ መኩሪያ አሉ፤ የኛን ትውልድ እሳቸው ናቸው የሚያውቁት። ከቤታቸው ጀርባ ፀሐይ ሲሞቁ አገኘኋቸው። ገና ስጠይቃቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ሙታኖቹን አንድ በአንድ አወረዷቸው። ስድስተኛው ላይ ሲደርሱ ነው ጉዱ የፈላው።

«ስድስተኛው ወንድይራድ ነው። ጎበዝ ገበሬ ነበረ ይባላል። ሚስቱን ከገነተ ማርያም ነው ያመጣት።»

«ከገነተ ማርያም? ከማን ቤት?»

«እሱን እኔ እንጃ። ቆንጆ ነበረች ይላሉ።»

ይቺ ቆንጆ ምን ቤት ናት? የእመቤት አገር ገነተ ማርያም ነው፣ የኔም ስድስተኛ አያት ሚስት ያመጣው ከገነተ ማርያም ነው። በቃ፣ አለቀልኝ። አያ መኩሪያ ፊቴን አይተው ሆዳቸው ባባ።

«ይህን ያህል ከከበደህ ዝለለው» አሉኝ።

«አያ፣ አያት እንዴት ይዘለላል? አንድ ሰው ቢጎድል ታውቃለች!»

«እንግዲያው በሌላ ተካው።»

ጎማ ቀይር ያሉኝ ያህል ነው የተናገሩት። መጀመሪያ ደነገጥኩ። ከሙጃ በሕዝብ መኪና ስመለስ ማሰብ ጀመርኩ። ላሊበላ ስገባ የምተካው ሰው እየፈለግሁ ነበር። ፈሪ ሰው እንዲህ ነው፤ ኃጢአቱን ይፈራል፣ ከኃጢአቱ የበለጠ ግን መቅረቱን ይፈራል። እውነት ዘመድ ብንሆንስ የሚለው ሲመጣብኝ ደግሞ ላብ ያሰምጠኛል፤ እሱን ሽሽት ወደ ሌላው ፍርሃቴ እሮጣለሁ።

የምፈልገው ሰው እንደ ልብ የሚገኝ አልነበረም። ልጅ ያልተወ፣ መቃብሩ የማይታወቅ፣ ማንም የኔ ነው የማይለው ሙት ነው የምፈልገው። እግዜር ይስጣቸውና አንዲት አሮጊት ከይምርሐነ ክርስቶስ መጥተው ባጃጄ ላይ ወጡ። ስለ ቤተሰባቸው ሲያወሩኝ፣ «ባሻ ይመር የሚባል የቅድመ አያታችን ወንድም ነበረ። ከወንድሞቹ ተጣልቶ ወጣ፣ በዚያው የውሃ ሽታ ሆኖ ቀረ» አሉኝ። ፍሬን ያዝኩ። «ልጅ አልተወም?» አልኳቸው። «ከየት አባቱ!» አሉኝ። ልስማቸው ነበር። ባሻ ይመር ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ስድስተኛ አያቴ ሆነ።

ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ እየነዳሁ የአያቶቼን ስም አጠናለሁ። ተሳፋሪዎቹ ጮክ ብዬ የሙታን ስም ስጠራ እየሰሙ፣ አንዳንዱ ያማትባል፣ አንዳንዱ ገና ሳይደርስ ይወርዳል። ቁልቁለት ላይ ስጠራማ የሚቀር ሰው የለም፣ ሁሉም ወርዶ በእግሩ ነው የሚሄደው።

የሽምግልናው ቀን ደረሰ። እመቤት ለእሑድ እናትና አባቷ ጋ ሄዳለች። በማለዳ ቄስ አስማረንና ሌሎች ሁለት ሽማግሎችን ጭኜ ወደ ገነተ ማርያም ነዳሁ። ሽማግሎቹ ገና ከከተማ ሳንወጣ ውዳሴ ማርያም ጀመሩ፤ ስንደርስ መልክአ ኢየሱስ ላይ ነበሩ። ደንቡ እኔ ውጪ እንድጠብቅ ነውና ከአጥሩ ጥግ ቁልቋሉ ሥር ተወሸቅሁ። የሚሉት ሁሉ ይሰማኛል።

ሽማግሎቹ ግቡ ሲባሉ ገቡ፣ ተቀመጡ ሲባሉ ግን «ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም» ብለው ቆሙ። ቄስ አስማረ አሳምረው ተናገሩ። የእመቤት አባት አያ ተገኘ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። «ለኔ ክብሬ ነው። ግን ቆጠራው አለ» አሉ።

«አለ» አሉ ሽማግሎቹ።

«ቆጣሪዋ ደግሞ እሷው ናት።»

አንደኛው ሽማግሌ፣ «ሙሽራ ራሷን ትቁጠር እንዴ? የት አገር የታየ ነው?» አሉ። አያ ተገኘ፣ «ሌላ ቆጣሪ ካላችሁ አምጡ» አሉ። ከወዲያም ከወዲህም አልተገኘም። እመቤት ተጠራች። ቄስ አስማረ እኔ ያስጠናኋቸውን ትውልድ መናገር ጀመሩ፣ መሐል ላይ ጠፋባቸው። «ልጁ ውጪ አለ፣ ራሱ ይናገር» አሉ። ያን ጊዜ ቁልቋሉ ውስጥ ገብቼ ብቀር ይሻለኝ ነበር።

አቧራዬን አራግፌ ገባሁ። እመቤት ቀና ብላ አላየችኝም፣ መሬት መሬት እያየች ትጠይቃለች። አባቴን ተናገርኩ። አያቴን ተናገርኩ። አምስተኛው ላይ ደረስኩ።

«ስድስተኛው?»

«ባሻ… ባሻ ይመር።» ድምፄ ቀጠነ።

እመቤት ቀና አለች። ገና ምንም ሳትናገር ጓዳ ውስጥ አንድ ነገር ወድቆ ተንኳኳ። እናቷ እትዬ ዘነበች እየሮጡ ወጡ።

«ባሻ ይመር? ከወንድሞቹ ተጣልቶ ከይምርሐነ ክርስቶስ የመጣው? የኔ ባሻ ይመር?»

ምን ልበል? «አዎ» አልኩ።

«ወይኔ ወንድሜ! የባሻ ይመር ደም! ዘመድ የለውም ሲሉን!» ብለው አንገቴ ላይ ተጠመጠሙ። ጉንጬን ሳሙኝ፣ ግንባሬን ሳሙኝ፣ እንባቸው ሸሚዜን አራሰው። ያ የውሃ ሽታ ሆነ የተባለው ሰው ለካ እዚሁ ገነተ ማርያም ገብቶ አግብቶ ወልዶ ኖሯል! በዓለም ላይ ስንት ሙት እያለ የእሷኑ አያት አመጣሁ። ከዘመድነት ልሸሽ ብዬ በገዛ አፌ ዘመድ ሆኜ አረፍኩት።

አያ ተገኘ አዘኑ፣ ግን ደስም አላቸው። «እንግዲህ ልጁ የቤት ልጅ ነው። ጋብቻው አይሆንም፣ ምሳ ግን ይሆናል» አሉ።

እትዬ ዘነበች እንዳቀፉኝ ናቸው። ዋሽቻለሁ ብል በሽማግሌ ፊት የዋሸ ሰው ልጅ አይሰጠውም። ዝም ብል ወንድሟ ሆኜ ምሳ ልበላ ነው። በሁለቱም በኩል እመቤት ሄደች።

«እማዬ፣ ቆዪ፣ ልቀቂው» አለች እመቤት። ቅንድቧ ተሰበሰበ። «ባሻ ይመርን በርጅናው የጦረው የልጁ ባል ነው ትይን አልነበር?»

«ነው እንጂ። እሱ ቤት ነው የሞተው።»

«ወንድ ልጅ ያለው ሰው አማቹ ቤት ይጦራል? ባሻ ይመር የወለደው አንዲት ሴት ነው፣ እሷም ያንቺው ቅድመ አያት ናት።» ከዚያ ወደኔ ዞረች። «ያንተ ስድስተኛ አያት ወንድይራድ ነው። ምን አድርጎህ ነው የለወጥከው?»

ቄስ አስማረ አማተቡ። አያ ተገኘ ፊታቸው ጠቆረ። «ውሸታም ይዛችሁብኝ መጣችሁ እንዴ?» አሉ። እትዬ ዘነበች ክንዳቸውን ከአንገቴ ላይ ቀስ ብለው አነሡት፤ እሱ ነው ከሁሉ የባሰብኝ። ከዚህ ወዲያ የሚፈራ ነገር ስላልቀረኝ ይሁን አላውቅም፣ እርስዎ ማለቱም ጠፍቶኝ እየተንተባተብኩ ተናገርኩ።

«ፈርቼ ነው። ወንድይራድ ሚስቱን ከዚህ አገር ነው ያመጣት ሲሉኝ ፈራሁ። ሌላ ሰው ቢቆጥረን አልፈራም ነበር፣ አንቺ ግን ታገኚያታለሽ። እኔ ደግሞ የወደድኩት ይህንኑ ጭንቅላትሽን ነው። ጥጋቡ ያልሽ ቀን ነው የሞትኩት። ራሱ ጭንቅላትሽ እንዳያስቀረኝ ብዬ ነው ያበድኩት።»

አንደኛው ሽማግሌ «ጭንቅላቷን ነው ያለው?» ብለው ጎረቤታቸውን በቀስታ ጠየቁ። እመቤት እኔን ትታ ለአባቷ ተናገረች።

«የወንድይራድ ሚስት አባቷ ከሰቆጣ መጥቶ እዚህ የሰፈረ እንግዳ ነው። ከሷ ሌላ ልጅ የለውም። ከኛ ቤት ጋር በጉርብትና ይተዋወቃሉ እንጂ በሥጋ አይነካኩም። በእናቱ በኩልም ሁሉንም አይቻለሁ። ሰባቱም ቤት ንጹሕ ነው። ስምንተኛውንም ዘጠነኛውንም አይቻለሁ፣ የሚያገናኘን የለም።»

ነፍሴ ከሄደችበት ስትመለስ ተሰማኝ። ሽማግሎቹ «ተመስገን» አሉ። አያ ተገኘ ግን ረጋ ያሉ ሰው ናቸው ብያችኋለሁ። ልጃቸውን ትኩር ብለው አዩዋት።

«ልጁ በእናቱ በኩል ገና አልተናገረም'ኮ። ማን ነገረሽ?»

«ሙጃ ለገበያ የሚመጡ ሰዎችን ጠይቄ ነው» አለች።

«ማን ጠይቂ ብሎሽ?»

እመቤት ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች።

«ሽማግሌ የመጣው ዛሬ ነው። አንቺ እስከ ዘጠነኛ ቤት የቆጠርሽው መቼ ነው፣ ልጄ? ምን ልሁን ብለሽ?»

እመቤት ቅንድቧን ሰበሰበች። ያን ዝምታዋን አውቀዋለሁና መልሱ እስኪመጣ ጠበቅሁ። አባቷም ጠበቁ፣ ሽማግሎቹም ጠበቁ። መልሱ አልመጣም። ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አደረገች፤ ጫፉን የያዙት ጣቶቿ ይንቀጠቀጡ ነበር። እዚያ ቤት ውስጥ ከኔ ሌላም የፈራ ሰው መኖሩን ያን ጊዜ አየሁ።